«ግራፊክስ የለውም» ስለተባለው ላፕቶፕ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። ልጄ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ላፕቶፕ ልገዛላት ፈልጌ ሁለት ያገለገሉ ቀረቡልኝ። አንደኛው ኮር አይ 5 6200ዩ፣ 8 ጂቢ ራም፣ «2 ጂቢ ግራፊክስ ካርድ» ያለው ነው። ሁለተኛው ራይዘን 5 4500ዩ፣ እሱም 8 ጂቢ ራም አለው። ሻጩ ግን «ይሄኛው ግራፊክስ የለውም፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተጣመረ ነው» አለኝ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «ግራፊክስ ያለውን ውሰድ» ይለኛል። ልጄ የምትሠራው ኤክሴል፣ ፒችትሪ፣ የትምህርት ቪዲዮ ማየትና ወረቀት መጻፍ ነው። ክረምት ስትመጣ እዚሁ ቤት ትሠራበታለች። ሙቀታችንን ያውቁታል፣ መብራትም ይጠፋል። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሁለተኛውን ይውሰዱ። ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ግን ራሙ (ላፕቶፑ የሚሠራበትን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል) እንዴት እንደተገጠመ ማየት አለብዎት። እሱን ወደ ኋላ በደንብ እመለስበታለሁ።

«ግራፊክስ የለውም» የሚባል ላፕቶፕ የለም። ስክሪኑ ላይ ምስል እስከታየ ድረስ ያንን ምስል የሚሠራ ግራፊክስ ውስጡ አለ። ልዩነቱ የት እንደተቀመጠ ነው። በአንዳንዱ ላፕቶፕ ማዘርቦርዱ ላይ ራሱን ችሎ፣ የራሱን ትንሽ ራም ይዞ ይቀመጣል። በሌላው ደግሞ ከዋናው ፕሮሰሰር ጋር በአንድ ቺፕ ውስጥ ይሠራል። ሻጮች ካርድ የሚሉት የመጀመሪያውን ነው።

ከሁሉም በላይ እንዲያውቁልኝ የምፈልገው፣ 6200ዩ ራሱ የተጣመረ ፕሮሰሰር መሆኑን ነው። ውስጡ ኢንቴል ኤችዲ 520 የሚባል ግራፊክስ አለው። በእንዲህ ዓይነት ላፕቶፖች በአብዛኛው ስክሪኑ በገመድ የተያያዘው ከዚህ ከተጣመረው ግራፊክስ ጋር ነው። 2 ጂቢ የተባለው ካርድ የሚነቃው ከባድ ጌም ወይም የ3ዲ ፕሮግራም ሲጠራው ብቻ ነው። ልጅዎ ኤክሴል ስትከፍት፣ ፒችትሪ ላይ ሂሳብ ስትመዘግብ፣ ዩቲዩብ ስታይ ካርዱ ተኝቷል። ስለዚህ ሁለቱን ላፕቶፖች ስናወዳድር የምናወዳድረው ካርድ ያለውንና የሌለውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣን የተጣመረ ፕሮሰሰር ከ2020ው ጋር ነው የምናወዳድረው።

የ2015ቱ ሁለት ኮር (ስሌት የሚሠራ ክፍል) አለው፣ የተሠራውም በ14 ናኖሜትር ነው፤ ይህ ቁጥር ሲያንስ ኃይል ይቆጥባል። የ2020ው ስድስት ኮር አለው፣ በ7 ናኖሜትር ተሠርቷል። ሁለቱም የሚሠሩት በ15 ዋት ልክ ነው። በዚያው ኃይል በሦስት እጥፍ የበዛ ኮርና የተሻለ ግራፊክስ ያገኛሉ።

«2 ጂቢ» የምትለዋ ቁጥር ብዙ ሰው ታሳስታለች። የምትነግረን የካርዱን የራም መጠን ነው፤ ጉልበቱን አይደለም። በዚያ ዘመን በመካከለኛ ዋጋ ላፕቶፖች ላይ ይገጠሙ ከነበሩት ካርዶች ብዙዎቹ ዲዲአር3 ራም በጠባብ የ64 ቢት መንገድ ነበር የሚጠቀሙት፤ በሰከንድ የሚያስተላልፉት ከ16 ጂቢ ብዙም አያልፍም። ራይዘኑ ሁለት ዲዲአር4 3200 ራም ሲገጠምለት በሰከንድ እስከ 51.2 ጂቢ ያገኛል። የለውም የተባለው ከአለው የበለጠ ሊሠራ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ማጣመሩ ከየት መጣ ካሉ፣ ድሮ የላፕቶፕ ግራፊክስ ከፕሮሰሰሩ ውጭ በሌላ ቺፕ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ2006 የራይዘን አምራቹ ኤኤምዲ የግራፊክስ አምራቹን ኤቲአይን በ5.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የገዛው ሁለቱን አንድ ላይ ለመሥራት አስቦ ነው። በ2010 ኢንቴል ሁለቱን በአንድ እሽግ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። በ2011 ደግሞ ኢንቴልም ኤኤምዲም በአንድ የሲሊኮን ቁራጭ ላይ ሠርተው አወጡ። ኤኤምዲ ያንን ኤፒዩ ብሎ ጠራው። አፕል በ2020 ኤም1ን ሲያወጣ የሄደውም በዚሁ መንገድ ነው። እጅዎ ላይ ያለው ስልክም የተሠራው እንዲሁ ነው።

ታዲያ ለልጅዎ ምን ይጠቅማታል? ከመብራቱ ልጀምር። በቺፕ ውስጥ ስሌት መሥራት ብዙ ኃይል አይፈጅም። ኃይል የሚበላው መረጃን ከአንድ ቺፕ አውጥቶ በማዘርቦርዱ ላይ አሻግሮ ወደ ሌላው ማስገባት ነው። ካርዱ ሲነቃ አንድ ምስል መጀመሪያ በዋናው ራም ይቀመጣል፤ ከዚያ ተቀድቶ ወደ ካርዱ ራም ይሄዳል፤ ተሠርቶ ሲያልቅ ወደ ስክሪኑ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይቀዳል። በተጣመረው ፕሮሰሰር ግን ሁለቱ ክፍሎች ከአንድ ጎተራ፣ ከዋናው ራም፣ ነው የሚበሉት፤ እህሉን ከግቢ ግቢ የሚያመላልስ የለም።

ሂሳቡን እንሥራው። ባትሪው አዲስ ሆኖ 45 ዋት ሰዓት ቢይዝ፣ ላፕቶፑም ለጽሑፍና ለኢንተርኔት በአማካይ 7 ዋት ቢጠቀም፣ ከስድስት ሰዓት በላይ ይቆያል። ካርዱ ነቅቶ ወይም ሥራ በዝቶበት 15 ዋት ከተጠቀመ ሦስት ሰዓት ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከተሠራበት ግማሹን ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ሦስቱ ሰዓት ወደ አንድ ተኩል ይወርዳል። ማታ መብራት ሄዶ ጠዋት የሚያስረክቡት ሥራ ሲኖር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ቪዲዮውን ደግሞ ሰዎች አያስቡትም እንጂ ለተማሪ ትልቁ ጥቅም እዚያ ነው ያለው። ቪዲዮ ተጨምቆ ነው የሚመጣው፤ ለማየት መፈታት አለበት። በተጣመረው ግራፊክስ ውስጥ ቪዲዮ ከመፍታት ሌላ ሥራ የሌለው አንድ ትንሽ ክፍል አለ። እሱ ሲሠራ ዋናው ፕሮሰሰር ያርፋል፣ ፋኑ ዝም ይላል። እሱ የማያውቀው ዓይነት ቪዲዮ ሲመጣ ግን ሥራው ሁሉ ዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቃል፤ ላፕቶፑ ይጮኻል፣ ይግላል፣ ባትሪው ይወርዳል።

ይህንን ሻጩ ፊት በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ዩቲዩብ ላይ አንድ ቪዲዮ በ1080 ጥራት ያስጀምሩ። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። ፐርፎርማንስ የሚለውን፣ ከዚያ ጂፒዩ (ግራፊክሱ ማለት ነው) የሚለውን ይንኩ። ቪዲዮ ዲኮድ (በኤኤምዲ ላይ አንዳንዴ ቪዲዮ ኮዴክ) የሚል ትንሽ ግራፍ አለ። ቪዲዮው እየሄደ ያ መስመር ከፍ ካለ፣ የላይኛው ሲፒዩ (ዋናው ፕሮሰሰር) ደግሞ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ፣ ነገሩ በትክክል እየሠራ ነው። ቪዲዮ ዲኮድ ዜሮ ላይ ተኝቶ ሲፒዩው ከተሰቀለ አንድ ችግር አለ። ቪዲዮው ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ቢነኩ ቪዲዮው በምን ዓይነት እንደመጣ ያሳያል፦ ኤቪሲ1፣ ቪፒ09 ወይም ኤቪ01።

4500ዩ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በዚህ ልዩ ክፍል ይፈታል። ኤቪ01ን ግን አይፈታም፤ ያ የመጣው በኢንቴል በኩል ከ11ኛ ትውልድ፣ በኤኤምዲ በኩል ከራይዘን 6000 ጀምሮ ነው። ስድስት ኮር ስላለው በ1080 ጥራት ኤቪ01 ቢመጣም ሳይንተፋተፍ ያሳያታል፤ ባትሪው ግን ቶሎ ይወርዳል። ዩቲዩብን በቀላሉ በሚፈታው ዓይነት እንዲልክ የሚያደርጉ የብራውዘር ኤክስቴንሽኖች አሉ፣ ልጅዎ አንዱን ትጫንበት። 6200ዩ በዚህ በኩል የባሰ ነው። ቪፒ09ን እንኳ በልዩ ክፍሉ ብቻ አይጨርሰውም፤ ሁለት ኮሮቹን አብሮ ያስቸግራል።

ስለ ሙቀቱ። የምሠራው ደብረ ብርሃን ላፕቶፕ ጥገና ላይ ነው፤ ከታች ከቆላ የሚመጡ ላፕቶፖችን እከፍታለሁ። ካርድ ያለው ሲከፈት ሁለት ቺፕ በአንድ የመዳብ ቱቦ ሥር ተቀምጦ ይታያል። ቱቦው ሁለቱንም ነክቶ ወደ አንድ ትንሽ ፋን ይሄዳል። ቱቦው ሲነሳ በመካከል የነበረው ቴርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ከፋኑ ፊት ያሉት ቀጫጭን ክንፎች ላይ አቧራው ተነባብሮ፣ በጥፍር ሲነሳ እንደ ጨርቅ አንድ ላይ ይወጣል። አንዱ ቺፕ ሲግል የሌላውንም ሙቀት ይጨምራል። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሰውም «ላፕቶፔ ቀን ቀን ይንቀራፈፋል» ይለኛል። በተጣመረው ላፕቶፕ ውስጥ ቱቦው የሚያበርደው አንድ ቺፕ ነው። አቧራና ደረቅ ፔስት እሱንም ያስቸግሩታል፣ ግን ብዙ ይታገሣል።

የአገራችን አቀማመጥ እዚህ ላይ ይገባል። እርስዎ ያሉበት ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ሞቃት ስለሆነ ፋኑ የሚነፍሰውም ያንኑ ሞቃት አየር ነው። ጣርማ በርን ወጥተው ደብረ ብርሃን ሲደርሱ 2,800 ሜትር አልፈዋል። ብርዱ ለላፕቶፕ ደግ ነው፤ አየሩ ግን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ፋኑ በተመሳሳይ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ብዙ የላፕቶፕ አምራቾች ዕቃቸው ይሠራበታል ብለው የሚጽፉት ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ነው። መንዝ ጓሳ ያለ ሰው ከዚያም በላይ ነው የሚሠራው። በቆላውም በደጋውም ሙቀቱ ከመነሻው ያነሰ ላፕቶፕ ይሻላል።

ስለ ብልሽትም ልጨምር። በላፕቶፕ ላይ ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ሲበላሽ ነቅሎ ሌላ መሰካት የለም። በሙቅ አየር ተሞቆ የሚነሳበት ጊዜ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ግን አይቆይም፣ ደንበኛን በዚያ ማስከፈልም አልወድም። የተጣመረው ፕሮሰሰርም ከተቃጠለ ማዘርቦርዱ አብሮ ይሄዳል፣ ያንን አልደብቅዎትም። የሚበላሸው ነገር ቁጥር ግን አንድ ቀንሷል።

አሁን ወደ ራሙ። ጎተራው አንድ መሆኑ ጥቅም እንዳለው ሁሉ ዋጋም አለው። ግራፊክሱ የራሱ ራም ስለሌለው ከዋናው ላይ ይወስዳል። ስለዚህ 8 ጂቢ የተባለው ላፕቶፕ ታስክ ማናጀር ላይ 7.4 ወይም 6 ጂቢ ብቻ ሊያሳይ ይችላል፤ የጎደለው ለግራፊክሱ የተያዘው ነው። ሻጩ አላታለለዎትም። ዊንዶውስ፣ ብራውዘርና ፒችትሪ በቀረው ላይ ሲጋፉ ግን ጠባብ ይሆናል። ይሄኔ ነው ሰዎች ጥፋቱን ግራፊክሱ ላይ የሚጥሉት፣ ያጠረው ግን ራም ነው።

ከመጠኑ የሚበልጠው አገጣጠሙ ነው። አንድ ባለ 8 ራም ሲገጠም መረጃ የሚገባበት በር አንድ ብቻ ይሆናል፤ 25.6 ጂቢ በሰከንድ። ሁለት ራም ሲገጠም በሩ ሁለት ሆኖ ቅድም ያልኩትን 51.2 ይሰጣል። ዋናው ፕሮሰሰር ይህንን ብዙም አያስተውለውም፣ የተጣመረው ግራፊክስ ግን በእጅጉ ያስተውለዋል። ኢንቴል ራሱ አይሪስ ኤክስኢ የሚባለውን ግራፊክሱን በሙሉ ስሙ የሚጠራው ራሙ በሁለት በር ሲገጠም ነው፤ በአንድ በር ከሆነ ያው ቺፕ ዊንዶውስ ውስጥ ተራ ዩኤችዲ ተብሎ ይታያል። ገበያ ላይ ያሉ ብዙ ያገለገሉ ላፕቶፖች ግን ባለ አንድ ራም ናቸው፤ ሁለተኛው ቀዳዳ ባዶ ነው።

ስለዚህ እዚያው ታስክ ማናጀር ላይ ሜሞሪ የሚለውን ይንኩ። «ስሎትስ ዩዝድ» በሚለው ትይዩ «1 ኦፍ 2» ካለ አንድ ባዶ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ሁለተኛ ባለ 8 ዲዲአር4 ራም ይጨመርበት። ፍጥነቱም ከነበረው ጋር አንድ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የተለያየ ከሆነ ሁለቱም በቀርፋፋው ልክ ይሠራሉ። «2 ኦፍ 2» ካለ በሩ ሁለት ስለሆነ ለጊዜው ይበቃታል። ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደበትና መጨመሪያ ቀዳዳ የሌለው ላፕቶፕም አለ፤ እንደዚያ ከሆነ 8 ጂቢው እስከ መጨረሻው 8 ነው፣ ሌላ ይፈልጉ። ቁጥሩ ብቻውን ስለሚያሳስት ሻጩ የታችኛውን ክዳን ፈትቶ ቢያሳይዎት ይመረጣል። ለካርድ ሊጨምሩ ያሰቡት ገንዘብ ካለ እዚህ ላይ ቢያውሉት ልጅዎ በየቀኑ ታየዋለች።

ፒችትሪን በተመለከተ ግራፊክስ ጨርሶ አያስጨንቀውም። እሱን የሚያፈጥነው ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ማስቀመጫ) ነው። ላፕቶፑ የድሮውን የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከያዘ ከሁሉ በፊት ያ ይቀየር።

ሌላም ልብ የሚባል አለ። ዊንዶውስ አዲስ ተጭኖ የግራፊክሱ ድራይቨር (ዊንዶውስ ግራፊክሱን የሚያሠራበት ፕሮግራም) ሳይጫን የሚሸጥ ላፕቶፕ ብዙ ነው። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ሲከፍቱ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ካለ ግራፊክሱ በተግባር አልተነሳም። የስክሪኑ ብርሃን አልቀንስ ይላል፣ መስኮቱን ሲጎትቱት ይጓተታል፣ ቪዲዮ ይንተፋተፋል። ሰው ይህንን አይቶ «የተጣመረ ግራፊክስ ደካማ ነው» ይላል። ድራይቨሩ ከአምራቹ ገጽ ወርዶ ሲጫን ያው ላፕቶፕ ሌላ ሆኖ ይገኛል። በራይዘኑ ላይ «ኤኤምዲ ራዲዮን» የሚል ስም መታየት አለበት።

6200ዩን እንዳይወስዱ የምለው በሌላ ምክንያትም ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ የሰጠው እ.ኤ.አ. እስከ ጥቅምት 14 ቀን 2025 ድረስ ነበር። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው በይፋ የሚቀበለው፤ 6200ዩ 6ኛ ትውልድ ነው። በዘዴ የሚጭኑበት አሉ፣ ግን የሂሳብ ሥራ ለሚሠራበት ላፕቶፕ አልመክረውም። 4500ዩ በይፋ ከሚቀበላቸው ውስጥ ነው።

ካርድ የሚያስፈልገው ሰው አለ፣ ያንን መካድ አይገባም። አርክቴክቸር የሚማር ልጅ ሉሚዮን ላይ ሕንፃ የሚያሳምር ከሆነ፣ ብሌንደር ላይ ረጅም ሬንደር የሚያደርግ ከሆነ፣ አዳዲስ ከባድ ጌሞችን የሚጫወት ወይም በኤንቪዲያ ኩዳ የሚሠራ የማሽን ለርኒንግ ሥራ ያለው ከሆነ የተጣመረው አይበቃውም። እሱም ቢሆን ጠንካራና አዲስ ካርድ ነው የሚፈልገው እንጂ የ2015ቱን 2 ጂቢ አይደለም። በአውቶካድ ባለ ሁለት አቅጣጫ ፕላን ለሚሥል፣ ለፎቶ ማስተካከያ፣ አጫጭር ቪዲዮ ለሚቆርጥ ሰው ግን 16 ጂቢ ራም በሁለት በር የያዘ የተጣመረ ፕሮሰሰር ሥራውን ይሠራል።

ሻጩ ሦስተኛ ምርጫ አምጥቶ ኤንፒዩ (የኤአይ ስሌት የሚሠራ ክፍል) ያለው፣ «ኤአይ ላፕቶፕ» የሚባል ሊያሳይዎት ይችላል። ያም በዚያው ቺፕ ውስጥ የተጨመረ ሌላ ክፍል ነው፤ በኢንቴልና በኤኤምዲ ላፕቶፖች ላይ ከ2023 ጀምሮ መጥቷል። ለልጅዎ ሥራ ግን ዛሬ ተጨማሪ ገንዘብ ሊከፈልበት አይገባም።

የራይዘን ስም ሲያነቡም ይጠንቀቁ። የመጀመሪያው አኃዝ ትልቅ ስለሆነ ብቻ የተሻለ አይምሰልዎት። ራይዘን 5 7520ዩ ለምሳሌ ቁጥሩ ከ4500ዩ ይበልጣል፤ ኮሩ ግን አራት ነው፣ ግራፊክሱም ያነሰ ነው፣ ራሙም የተበየደ ነው። «ይሄ አዲሱ ነው» ብሎ በዚያ ቢለውጥብዎት አይቀበሉት።

ልጅዎ አብራዎት ብትሄድ ጥሩ ነው። ቻርጀሩን ነቅለው ቪዲዮውን ለግማሽ ሰዓት ያህል ያስኪዱት፤ ባትሪው ስንት በመቶ እንደወረደ፣ የታችኛው ክዳን ምን ያህል እንደጋለ ይዩ። በግማሽ ሰዓት ከ15 በመቶ በላይ ከወረደ ባትሪው ደክሟል፤ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሂሳቡ ላይ እንዲቀንስልዎት ይጠይቁ። ራም መጨመሩንም እዚያው ዋጋ ውስጥ አስገብተው ይነጋገሩ፤ ከተጨመረ በኋላ ታስክ ማናጀሩ ላይ «2 ኦፍ 2» ማለቱን አይተው ይክፈሉ።